ስኳር የሚለካው መስታወት፦ ከሶዶ እስከ ሃላሌ

የመጀመሪያው ቀን

ወላይታ የሄድኩት ሰው ልፈትን ነው። ደብረ ብርሃን ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። የሶዶው ዩኒቨርሲቲ አንድ የማስተርስ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያቀርብ የውጭ ፈታኝ እንድሆን ጋበዘኝና በሰኔ ዝናብ መሀል ተነሣሁ። ከዚያ በፊት በዚያ አቅጣጫ ከቡታጅራ አልፌ አላውቅም ነበር። ስመለስ እናቴና ጎረቤቶቻችን «እዚያ አገር ምን አየሽ?» እያሉ ሲጠይቁኝ በአንድ ትንፋሽ የሚነገር ስላልሆነብኝ ነው ይህን መጻፌ።

የተማሪው ስም ምሕረቱ ነው። የሠራው ነገር ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ መስታወት ነው። መስታወቱ ዚንክ ኦክሳይድ በሚባል ስስ ሽፋን ይለበጣል። ዚንክ ኦክሳይድ ከሴሚኮንዳክተሮች ወገን ነው፤ ኤሌክትሪክን እንደ መዳብ በነጻ አያሳልፍም፣ እንደ ሸክላም ጨርሶ አይከለክልም። በሽፋኑ ላይ ደግሞ ስኳርን የሚሰብር ኢንዛይም ይቀመጣል። ጠብታ ደም ሲያርፍበት ኢንዛይሙ ስኳሩን ይሰብራል፤ ከዚያም ጥቂት የኤሌክትሪክ ፍሰት ይነሣል። ፍሰቱ ሲበረታ ስኳሩ በዝቷል ማለት ነው። መድኃኒት ቤት የሚሸጠው የስኳር መለኪያም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የምሕረቱ ሐሳብ ይህንኑ መስታወት፣ በሙያው ኤሌክትሮድ የሚባለውን፣ በርካሽ ነገር፣ በተራ የላብራቶሪ ምድጃ፣ እዚሁ አገር ውስጥ ለመሥራት ነበር።

አዲስ አበባ እህቴ ቤት አድሬ በማለዳ አውቶቡስ ያዝኩ። ሆሳዕናን እስክናልፍ ዝናቡ አልለቀቀንም። እኛ አገር ሰኔ ሲገባ ሜዳው ገና ግራጫ ነው፤ ገበሬው ሰማይ ሰማይ ያያል፣ ዛፍ ቢባል ባሕር ዛፍ ነው። እዚህ ግን አፈሩ ቀይ ሆኖ ሳለ ቀዩ የሚታየው በመንገዱ ጠርዝ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ እንሰት፣ አቮካዶ፣ በቆሎ፣ ጎደሬ ነው። በየቤቱ ደጅ የተከረከመ የሚመስል ለምለም ሣር ተዘርግቷል። እኛ ግቢያችንን በድንጋይ ካብ እንከልላለን፤ እነሱ ሣሩን ለመንገደኛው አሳይተው ይኖራሉ።

አረካ ስንደርስ ረዳቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሸራው በነፋስ መገለጡን አየ። ሻንጣዬ እንደ ስፖንጅ ውኃ ጠጥቷል። ልብሴ ግድ አልሰጠኝም፤ ውስጡ ግን በየገጹ ዳር አስተያየቴን የጻፍኩበት የምሕረቱ ጽሑፍ ነበር። አረካ የተሳፈረ አንድ ጎልማሳ የገዛ ጃኬቱን አውልቆ ሻንጣውን ከእግራችን ሥር ጠቀለለልኝ። «መጽሐፍ ነው?» አለኝ። የተማሪ ሥራ ነው ስለው «እንግዲያው ከመጽሐፍም ይብሳል» አለና እስከ ሶዶ በሸሚዙ ተንቀጠቀጠ።

ሶዶ ስደርስ የዳሞታ ተራራ ግማሹ በጉም ተሸፍኖ ነበር። ያረፍኩበት ፔንሲዮን ባለቤት እትዬ ብርቄ ይባላሉ። አያታቸው ከሸዋ የመጡ ወታደር ነበሩ፤ እሳቸው ግን ከሶዶ ሌላ አገር አያውቁም። ደብረ ብርሃን መሆኔን ሲሰሙ «ብርዱ ሰው ይገድላል የሚሉት?» ብለው ጠየቁኝና መልሴን ሳይጠብቁ ብርድ ልብስ ደረቡልኝ። የረጠበውን ጽሑፍ ሲያዩ ካውያ ሰኩ። ከወረቀቱ ላይ ንጹሕ ነጠላ እየዘረጉ፣ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ ተኮሱልኝ። ቀለሙ አንዳንድ ቦታ ፈስሷል፤ ሥዕላዊ መግለጫዎቹ ግን ተረፉ። አንዱን ግራፍ አንሥተው «ይኼ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ነው?» አሉኝ። «የመለኪያው ጉልበት ነው፤ ቀን ሲያልፍ እንዲህ ይወርዳል» አልኳቸው። «የሁላችንም ነው» ብለው ወደሚቀጥለው ገጽ አለፉ።

ሁለተኛው ቀን

የምሕረቱ አማካሪ ዶክተር ጌታሁን ቁርስ ላይ መጡ። ለስለስ ያሉ፣ ቃል የሚመርጡ ሰው ናቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«የምሕረቱ አባት አርፈዋል» አሉኝ። «ከትናንት ወዲያ ተቀበሩ። እኔም የሰማሁት ትናንት ማታ ነው፤ እርስዎ መንገድ ላይ ነበሩ።»

የሞቱት በስኳር ሕመም ነው። ይህን ሲነግሩኝ እጄ ላይ የነበረውን ዳቦ መልሼ አስቀመጥኩ። ዶክተር ጌታሁን ሌላም ነገር ነበራቸው፦ ጽሑፉ የሚቀርበው በነጋታው ማግስት ነው፤ ካልሆነ ዓመቱ ይዘጋና ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። የምሕረቱ ስልክም አይነሣም።

«እኔ ለቅሶ ለመድረስ ሃላሌ መሄዴ ነው። ከቻለ ይዤው እመለሳለሁ። እርስዎ ይረፉ፤ መንገዱ ከባድ ነው።»

እንግዳ መሆኔን አውቃለሁ፤ ሰውየውንም አላውቃቸውም። ነገር ግን እኛ አገር በምታውቂው ሰው ቤት ለቅሶ እያለ ጥላ ሥር ተቀምጦ መብላት ነውር ነው። የልጁን ሥራ ቃል በቃል አንብቤዋለሁ፤ ከዚህ በላይ መተዋወቅ ምን አለ? ተነሣሁና ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ። እትዬ ብርቄ ጫማዬን አይተው የልጃቸውን ቦት ጫማ አመጡልኝ። ሰፋኝ፤ ካልሲ ደረብኩበት።

ሃላሌ የኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ከተማ ናት። በበሌ በኩል ሄድን። ከበሌ በኋላ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ወንዝ ይሻገራል። አንድ ቁልቁለት ላይ የያዝናት መኪና ተንሸራታ ቦይ ውስጥ ገባች። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋና ጋቢውን ተከናንቦ ተቀመጠ። ተናዶ መስሎኝ ነበር፤ ሰው እየጠበቀ ኖሯል። ብዙም ሳይቆይ ከእንሰቱ መሀል ሰዎች ብቅ ብቅ አሉ፤ አካፋና የተቆረጠ ግንድ ይዘዋል። «ሳሮ» ተባባሉ፤ ሰላም ማለት ነው። የምንሄድበትን ሲሰሙ ሥራው ፈጠነ። አንድ ሽማግሌ እኔ እንዳልረግጥ ከጭቃው ላይ የእንሰት ቅጠል አነጠፉልኝ። መኪናዋ ስትወጣ ከሰዎቹ ሁለቱ አብረውን ተሳፈሩ፤ ለካ እነሱም ለቅሶውን ገና አልደረሱም ነበር።

ለቅሶ ቤቱ ደጅ ሣሩ ላይ ሸራ ተወጥሯል። የእኛን አገር ለቅሶ ያየ ሰው እዚህ መጀመሪያ ግራ ይገባዋል። የሚያስለቅስ ግጥም የሚያወጣ የለም፣ ደረት የሚደቃ የለም። ወንጌላውያን ናቸው፤ መዘምራን በወላይትኛ ቀስ ያለ መዝሙር ይዘምራሉ፣ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ድንገት ግን መዝሙሩ በሁለት ስንኝ መሀል ያርፋል፤ ያኔ ከሴቶቹ ወገን የአንድ ሰው ሲቃ ይሰማል። ያቺ የቤቱ እመቤት፣ የምሕረቱ እናት ነበረች፤ ወይዘሮ አማረች።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። አማርኛዋ ጥቂት ነው፤ ወንድና ሴትም አይለይም። እጄን በሁለት እጇ ይዛ «ልጄ፣ መንገድ ደክሞህ ነው። ብላ» አለችኝ። ቆጮ በጎመን፣ የተቀቀለ ጎደሬ ከዳጣ ጋር ቀረበ። ጎረቤት ተራ ይዞ ያመጣው ነው። በእኛ ዘንድ በለቅሶ ቤት ንፍሮ ቆንጥሮ መነሣት ነው ወጉ፤ እዚህ እንግዳ ሳይጠግብ ቢነሣ ሐዘንተኛው ይከፋል። ዳጣው ዓይኔን አስለቀሰው። ወይዘሮ አማረች ያን አይታ፣ በሐዘኗ መሀል፣ ውኃ አስመጣችልኝ።

ምሕረቱን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ቀጭን፣ ረጅም ልጅ ነው። ማን እንደሆንኩ ሲነገረው ከመቀመጫው ተነሥቶ ጎንበስ አለልኝ። እኔ ስለ ጽሑፉ አላነሣሁም። ታላቅ ወንድሙ ማርቆስ ከሸራው ጫፍ ቆሞ ያየን ነበር። በቆሎና ዝንጅብል የሚነግድ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ያን ከሰዓት በአንድ አግዳሚ ላይ ሲቀመጡ አላየሁም።

ሦስተኛው ቀን

ያደርኩት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ፣ የአቶ ጳውሎስ ቤት ነው። ባለቤታቸው የራሳቸውን አልጋ ለቀውልኝ መደብ ላይ ተኙ። እምቢ ብል አልሰሙኝም። ጠዋት ሙቹዋ አቀረቡልኝ፤ ከቡላ የሚሠራ ገንፎ ነው፣ ቅቤው ዙሪያውን ይፈስሳል። የእኛ የገብስ ገንፎ ጉሮሮ ላይ ቆም ይላል፤ ይኼ ራሱ ይሄዳል።

ከጸሎት በኋላ ሰው ሸራው ሥር እንደተሰበሰበ ዶክተር ጌታሁን ለአቶ ጳውሎስ የመጣንበትን ሁለተኛ ነገር ገለጹላቸው። ምሕረቱ ነገ ሶዶ መገኘት እንዳለበት፣ ካልሆነ ዓመት እንደሚያልፍበት። አቶ ጳውሎስ ለሰው አስረዱ። ማጉረምረም አልነበረም፤ አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። ማርቆስ ግን ተነሣ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለኝ፣ ወደ እኔ ዞሮ። «ፈታኙ እርስዎ ነዎት አሉ። ፈታኝ እውነት ይናገራል ብዬ ነው የምጠይቅዎት።»

«ጠይቅ» አልኩት።

«ወንድሜ ስኳር የሚለካ ነገር ሠርቷል። ለፋሲካ ሲመጣ ይዞት መጣ፣ ሁላችንም አየነው። አባታችን ደስ ብሎት እጁን ዘረጋ። ‹ልጄ በሠራው ለካኝ› አለ። እሱ እምቢ አለ። መልሶ በጨርቅ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። የአባታችን የመለኪያ ወረቀት አልቆ ነበር፤ በሌ ሄጄ አጣሁ፣ ሶዶ ሄጄ አጣሁ። አሁን አባታችን የለም። ሰው ለማን ነው የሚማረው? እሱን ነው የምጠይቀው።»

ዶክተር ጌታሁን «በሰው ላይ ለመሞከር ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ሕጉ…» ብለው ጀመሩ። አቶ ጳውሎስ እጃቸውን ቀስ አድርገው አነሡና ዶክተሩ አቆሙ። ሰው ሁሉ እኔን ነበር የሚያየው።

ሕጉን ማስረዳት እችል ነበር። ሕጉ ግን አባት ለቀበረ ሰው መልስ አይሆንም። ምሕረቱን አየሁት፤ አንገቱን ደፍቷል። ከጽሑፉ አንድ ገጽ ዳር የጻፍኩት ጥያቄ ነበረኝ፤ ለነገ ያዘጋጀሁት። መጠየቅ ያለበት እዚህ እንደሆነ ተሰማኝ።

«ምሕረቱ» አልኩት፣ «አዲስ ኤሌክትሮድ በተሠራበት ቀን ምን ያህል ትክክል ያነባል?»

ቀና አለ። «በመጀመሪያው ቀን ከትልቁ ማሽን ጋር ይቀራረባል።»

«ከዚያስ?»

«ይወርዳል።»

«ለምን እንደሚወርድ በቋንቋችሁ ንገራቸው። ለእኔ አቶ ጳውሎስ ይተረጉሙልኛል።»

ተነሥቶ ቆመ። በወላይትኛ፣ እጁን እንደ መስታወት ዘርግቶ፣ በሌላው እጁ ጣት እያሳየ ተናገረ። አቶ ጳውሎስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ነገሩኝ፦

«ስኳሩ ሲሰበር አሲድ ይወጣል ይላል። ያ አሲድ ሽፋኑን ይበላዋል። ሽፋኑ ሲበላ ስኳር ሰባሪው ነገር ይረግፋል። ከዚያ በሰውየው ደም ውስጥ ብዙ ስኳር እያለ፣ መለኪያው ‹ጥቂት ነው› ይላል።»

ምሕረቱ ወደ አማርኛ ተመለሰ፤ ወንድሙን ግን አላየውም። «አባዬ ቢለካበት ያምነው ነበር። እኔ የሠራሁት ስለሆነ ከሐኪሙ ማሽን በላይ ያምነው ነበር። ‹ጥቂት ነው› ቢለው መድኃኒቱን ይተዋል። ያ መስታወት ከተሠራና ከተለካበት ደግሞ ቀናት አልፈውት ነበር።»

ይህን ብሎም አልተቀመጠም።

«በመጀመሪያው ቀን ግን ትክክል ነበር» አለ። «አዲስ አዲስ እየሠራሁ ይዤ ብመጣስ? ከሞተ ጀምሮ የማስበው ይህንን ነው። ጋሼ ማርቆስ የሚለውን እኔም ለራሴ ብዬዋለሁ።»

በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ብዙ ተማሪ ከጥያቄዬ ሊያመልጥ ሲሞክር አይቻለሁ። ራሱ ላይ ጥያቄ የሚጨምር ግን አላጋጠመኝም። ለማርቆስ መልስ መስጠት የእኔ ተራ ነበር።

«እውነት ይናገራል ብለሃልና ልናገር» አልኩት። «ይህን ጽሑፍ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በዚህ ሽፋን የእናቴን ደም አላስለካም። ዛሬ ልክ ሆኖ ነገ የሚዋሽ መለኪያ፣ መለኪያ ከማጣት ይልቅ ሰው ይጎዳል። ወንድምህ ያደረገው ትክክል ነው። አባታችሁ በሌላ መንገድ ይተርፉ ነበር ወይ ብትለኝ ግን፣ አላውቅም። አላውቅም ነው የምልህ።»

ወይዘሮ አማረች ምን እንደተባለ ጠየቀች፤ አቶ ጳውሎስ በዝግታ ነገሯት። ሰምታ ስትጨርስ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሣችና ረዘም አድርጋ ተናገረች። ስትናገር ከሴቶቹ ሁለቱ ፊታቸውን ሸፈኑ። ማርቆስ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

አቶ ጳውሎስ ወደ እኔ ዞሩ። «እግሩ ላይ ቁስል ነበር ትላለች» አሉኝ። «የማይድን ቁስል። ‹ለልጆቹ አትንገሪ፤ አንዱ ንግዱን፣ አንዱ ትምህርቱን ጥሎ ይመጣል› አላት። እሷም አልነገረችም። ‹እኔ በየቀኑ አጥበው ነበር፤ ስኳሩ መብዛቱን መስታወት ሳያስፈልገኝ አይ ነበር› ነው የምትለው።»

ከዚህ በኋላ መዘምራኑ ሳይታዘዙ ጀመሩ። ምሕረቱ ሄዶ እናቱ እግር ሥር ተቀመጠ፤ እጇን ራሱ ላይ አደረገች። ማርቆስ ወደ እንሰቱ ጓሮ ገባ። ጀርባውን ብቻ አየሁ፤ ትከሻው ይነቃነቅ ነበር።

እኔ እንግዳ ነኝና የማደርገው ጠፍቶኝ ከወይዘሮ አማረች ሌላኛው ጎን ተቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ ልንሄድ ስንነሣ ምሕረቱን ራሷ አስነሣችው፤ ኮሌታውን አስተካከለችለት። «ሂድ» እንዳለችው ሳይተረጎምልኝ ገባኝ። ለእኔም በቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ሰጠችኝ። መኪናዋ ስትነሣ ማርቆስ ፊቱን ታጥቦ፣ ጫማውን አድርጎ መጣ።

«ቦታ አለ?» አለ ሾፌሩን።

«አለ።»

ከኋላ ገባ። እስከ በሌ፣ ከዚያም እስከ ሶዶ፣ ዶክተር ጌታሁን አልፎ አልፎ ስለ ዝናቡ ይናገሩ ነበር። የትናንቱ ቁልቁለት ዳገት ሆኖ ሲጠብቀን ማርቆስ ሳይጠየቅ ወርዶ መኪናዋን ገፋ፤ ምሕረቱም ወርዶ ከጎኑ ገፋ። ሁለቱም ጭቃ በጭቃ ሆነው ተመለሱ። እትዬ ብርቄ ያን ምሽት የሁለቱንም ልብስ አጥበው፣ ጽሑፉን በተኮሱበት ካውያ አደረቁላቸው። ከየት እንደመጡ ሲሰሙ ስለ ክፍሉ ሒሳብ መስማትም አልፈለጉም።

አራተኛው ቀን

አዳራሹ ትንሽ ነው፤ ወንበሮቹ የተማሪ ናቸው። ምሕረቱ ጥቁር ኮት ለብሶ ቆመ። ማርቆስ የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

ለቅሶ ላይ ነው ብዬ አላቀለልኩለትም። ባቀልለት የትናንቱን ቃሌን አፈርሰው ነበር። ሽፋኑ ሲጋገር ሙቀቱ ለምን ከዚያ በላይ እንዳልሆነ ጠየቅኩት፤ መለሰ። ዚንክ ኦክሳይድን ለምን እንደመረጠ ጠየቅኩት፤ ኢንዛይሙን አጥብቆ እንደሚይዝ፣ ርካሽ እንደሆነ፣ ለሰው መርዝ እንዳልሆነ አስረዳ። አሲድን በተሻለ የሚቋቋሙ ሌሎች ሽፋኖች እንዳሉ፣ ለምሳሌ ቲታኒየም ኦክሳይድ፣ ለምን ጎን ለጎን እንዳልሞከረ ጠየቅኩት።

«መሞከር ነበረብኝ» አለ። «ውጤቱ በመጀመሪያው ቀን ጥሩ ሲሆን የበቃኝ መሰለኝ።»

ይህን በጽሑፉ ውስጥ አላገኘሁትም ነበር። እንዲጽፈው አዘዝኩት። የመቆያ ጊዜውን የሚመለከተው ምዕራፍ እንደገና እንዲሠራ፣ ውድቀቱም እንደ ውጤቱ በግልጽ እንዲቀመጥ አልኩ። ሌሎቹ ፈታኞችም የየራሳቸውን ጠየቁ።

ሰብሳቢው እንደ ደንቡ ከታዳሚው ጥያቄ ያለው እንዳለ ጠየቁ። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሚባለው ለወግ ነው። ከኋላ ወንበር ተንቋቋ። ማርቆስ ቆሞ ነበር።

«እኔ የማውቀው ነገር የለም» አለ፣ ዓይኑን ከወንድሙ ላይ ሳያነሣ። «አንድ ነገር ልጠይቅ። ያ ሽፋን… የማይበላ ሆኖ ይገኛል?»

ምሕረቱ እጁ ላይ የነበረውን ጠቋሚ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ለእኔ ሲመልስ የነበረው ድምፅ አልነበረም።

«አላውቅም፣ ጋሼ። ጨርሶ የማይበላ ላይገኝ ይችላል። ቀስ ብሎ የሚበላ ግን፣ ደግሞም መበላቱን ራሱ የሚናገር፣ ሊኖር ይችላል። መፈለግ አለበት።»

«ማን ይፈልጋል?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ፈልግ» አለና ተቀመጠ።

ማሻሻያዎቹን እንዲያካትት ተነግሮት አለፈ። ማንም አላጨበጨበም፤ ዶክተር ጌታሁን ብቻ ሄደው አቀፉት። ወንድማማቾቹ ምሳ እንኳ አልቆዩም፤ እናታቸው ዘንድ ሳይመሽ መድረስ ነበረባቸው። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። የበሌ መኪና ሞልቶ ሊነሣ ነበር፤ ጣሪያው ላይ ሸራ ይታሰራል፣ ረዳቱ ይጮኻል። ማርቆስ ቀድሞ ገብቶ መስኮቱ አጠገብ ያለውን ቦታ ያዘ። ምሕረቱ ሲከተለው ተነሣና ቦታውን ለቀቀለት፤ ራሱ መተላለፊያው ላይ በሰው መሀል ተጨናንቆ ተቀመጠ።